አምስተኛዋ ቅጂ

ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት፣ ለፈተና ምዝገባ ወይም ለሥራ ቅጥር ደጅ የጠና ሰው ሁሉ ያንኑ ቃል ሰምቷል፦ «ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዘው ይምጡ።» ሰውየው ወደ ሰፈሩ ፎቶ ቤት ጎራ ይላል። ፎቶ አንሺው በርጩማ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ኮሌታውን ያስተካክልለታል፤ አገጩን በጣቱ ጫፍ ቀና አድርጎ «እንዲያው ይቆዩ» ይለዋል። መብራቱ ብልጭ ይላል። ታጥቦ ሲመጣ ግን በትንሿ ፖስታ ውስጥ ያለው ሁለት አይደለም፤ አራት ነው፣ አንዳንዴም ስድስት። ሁለቱ መሥሪያ ቤት ገብተው ፎርም ላይ ይለጠፋሉ፤ የማኅተሙ ጠርዝ ትከሻቸው ላይ ያርፋል። የቀሩት ቤት ይገባሉ። አንዷ በእናት ዳዊት ውስጥ፣ አንዷ በወንድም የኪስ ቦርሳ ውስጥ፣ አንዷ በአልበሙ ጀርባ ላይ ትቀመጣለች።

ይህ ምዕራፍ ስለ እነዚያ ትርፍ ቅጂዎች ነው። መንግሥት ዜጋውን ለመለየት ሲል ያዘዘው ፎቶ፣ ከታዘዘው በላይ በመታተሙ ብቻ፣ ዜጋው መንግሥትን የሚጠይቅበት ማስረጃ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለ ፎቶግራፍና ስለ ፖለቲካ ሲነሣ ወዲያው ትዝ የሚሉን ጋዜጠኞች ያነሧቸው ዝነኛ ፎቶዎች ናቸው። እኔ ግን ማንም ሰው ከኪሱ ከፍሎ የተነሣት፣ የፎቶ አንሺዋ ስም እንኳ የማይታወቅ ትንሿ ፎቶ ከእነዚያ የበለጠ ሥራ ሠርታለች ብዬ አምናለሁ።

ጉርድ ፎቶ የተወለደው ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ አልፎንስ ቤርቲዮን የተባለ የፓሪስ ፖሊስ ጸሐፊ አንድ ችግር ገጠመው፤ የታሰረ ሰው ተፈቶ እንደገና ሲያዝ ስሙን ይቀይራል፣ ፖሊስም ያው ሰው መሆኑን የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም። ቤርቲዮን የእስረኞቹን አካል መለካት ጀመረ፤ ፎቷቸውንም አንዴ ከፊት አንዴ ከጎን፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ብርሃንና በአንድ ርቀት ማስነሣት ጀመረ። ዓላማው ፊትን እንደ ጣት አሻራ የሚነበብ ምልክት ማድረግ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ መንግሥታት ሰላዮችን ፈርተው ፓስፖርት ላይ ፎቶ እንዲለጠፍ አዘዙ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደንቡ ገና አልጠነከረም ነበርና ሰዎች ያላቸውን ፎቶ ሁሉ ይልኩ ነበር፤ ባርኔጣ አድርገው የተነሡትን፣ ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ጋር የተነሡትን ጭምር። ቆይቶ ግን የቤርቲዮን ሥርዓት ወደ ሁሉም ሰው ተዛመተ። ዛሬ ፓስፖርት ለማውጣት «አይሳቁ፣ ቀጥ ብለው ይዩ» የምንባለው ለወንጀለኛ የተበጀው ሥርዓት ሁላችንንም ስለ ደረሰን ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ ታሪክ አለ። ፍሬድሪክ ዳግላስ በባርነት ተወልዶ፣ አምልጦ፣ የአሜሪካ የፀረ ባርነት ትግል ትልቁ ድምፅ የሆነ ሰው ነው። በሕይወቱ 160 ገደማ የተለያዩ ፎቶዎችን ተነሥቷል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ የእርሱን ያህል የተነሣ ሰው እንደሌለ አጥኚዎች ይናገራሉ፣ ፕሬዚዳንት ሊንከንን እንኳ ይበልጣል። ይህ የከንቱ ውዳሴ ፍላጎት አልነበረም። በዘመኑ የነጮች ጋዜጦች ጥቁር ሰውን የሚስሉት አፉን ከፍቶ የሚስቅ፣ ማሰብ የማይችል ፍጡር አድርገው ነበር። ዳግላስ በየከተማው ፎቶ ቤት እየገባ፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1861 ቦስተን ውስጥ ስለ ፎቶግራፍ ንግግር አድርጓል፤ ፎቶ ድሃውም ሀብታሙም ራሱን የሚያይበት መሣሪያ ሆኗል የሚል እምነት ነበረው። ሕጉ ጥቁርን ዜጋ ብሎ ከመቀበሉ ከዓመታት በፊት ዳግላስ የዜጋ ፎቶ ይነሣ ነበር።

የአዲስ አበባ ፎቶ ቤቶችን ታሪክ የማየው በዚህ ዓይን ነው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ቦያጃን የተባለው የአርመን ቤተሰብ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኖ አገልግሏል፤ አባትየው ቤድሮስ፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ። ያኔ ፎቶ የንጉሥና የመኳንንት ነበር። እያደር ግን ፎቶ ቤቱ ወደ ፒያሳ፣ ወደ መርካቶ፣ ከዚያም ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ወረደ። በ1950ዎቹና 60ዎቹ ወር ደመወዝ የተቀበለች ጸሐፊ፣ ከትግራይ ወይም ከጎጃም ለትምህርት የመጣ ተማሪ፣ አዲስ ኮት የገዛ የአውቶቡስ ሾፌር በተሳለ መጋረጃ ፊት ቆመው ይነሡ ነበር። ከኋላቸው አበባና ደረጃ፣ አንዳንዴም ጨርሰው ያላዩት ባሕር ይታያል። ፎቶ ቤቱ ራሱ የሚያውሰው ክራቫትም ነበር። ፎቶው ከታጠበ በኋላ ጀርባው ላይ በብዕር «ለማስታወሻ» ተብሎ ለጓደኛ ይሰጣል፣ ወደ አገር ቤት ይላካል። ከቪንቴጅ አዲስ አበባ የፎቶ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመውን መጽሐፍ የተመለከተ ሰው ይህን ያውቃል፤ ነዋሪዎች ከየአልበማቸው አውጥተው ባዋጡት ፎቶ ውስጥ ያለው ሕዝብ ራሱን ያየው ገባር ወይም ሎሌ አድርጎ አይደለም። ሽማግሌ ፊት አንገቱን የሚደፋ ወጣት ካሜራ ፊት ቀጥ ብሎ ያያል። ከዚያ ትውልድ ውስጥ «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው ተማሪ መፈጠሩ ከዚህ ጋር አይገናኝም ማለት ይከብደኛል። ሌላ ሰው መሆን እንደሚቻል በወረቀት ላይ ያየ ሰው ሌላ አገርም ሊያስብ ይችላል።

የፎቶ ትእዛዝ በጉልበት ሲሆን ምን እንደሚመስል ለማየት አልጄሪያን ማንሣት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1960 የፈረንሳይ ጦር ነዋሪዎችን ከመንደራቸው አፈናቅሎ በሰፈራ ጣቢያ ካሰባሰበ በኋላ መታወቂያ እንዲያወጡ አስገደደ። ማርክ ጋራንዤ የተባለ የ25 ዓመት ግዳጅ ወታደር ፎቶውን እንዲያነሣ ታዘዘ። በአሥር ቀን ውስጥ 2,000 ገደማ ሰው አነሣ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ሴቶቹ መከናነቢያቸውን እንዲያወልቁ ተገደዱ። በፎቶው ላይ ያለው ዓይናቸው ግን ሌላ ነገር ይናገራል፤ ቁጣና ንቀት ነው። ጦርነቱን ይቃወም የነበረው ጋራንዤም ይህን አይቶ ፎቶዎቹን እ.ኤ.አ. በ1982 በመጽሐፍ አሳተማቸው። ለመቆጣጠሪያ የተነሣው ፎቶ የተነሡትን ሰዎች እምቢታ ይዞ ቀረ።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ደግሞ ሕዝቡ የራሱን ፎቶ የያዘውን ደብተር አቃጥሏል። ጥቁሮች የይለፍ ደብተር ሳይዙ እንዳይንቀሳቀሱ ታዘው ነበር፤ መጋቢት 21 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ይህን በመቃወም ሻርፕቪል የተሰበሰቡ 69 ሰዎች በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ከሳምንት በኋላ ኔልሰን ማንዴላ ደብተሩን ካሜራ ፊት አቃጠለ። እ.ኤ.አ. በ1962 ይኸው ሰው በድብቅ ከአገሩ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ፣ ወታደራዊ ሥልጠናም ሲወስድ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም ፓስፖርት ሰጠው። የገዛ አገሩ የሚያሳድደው ሰው ፊቱ በሌላ አገር ማኅተም ሥር ተከብሮ ተጓዘ። እዚህ ላይ ለአገሬ የሚሰማኝን ኩራት መደበቅ አልፈልግም።

አሁን ወደ አርጀንቲና፣ የምዕራፉ ርዕስ ወደ ተወሰደበት ሰው ታሪክ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1976 ሥልጣን የያዙት ጄኔራሎች ሰውን የሚያጠፉት በሌሊት አፍነው ነበር። ሬሳ የለም፣ ክስ የለም፣ ፍርድ የለም። ወላጅ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ሲጠይቅ «እንዲህ የሚባል ሰው አናውቅም» ይባላል። የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች የጠፉትን 30,000 ይደርሳሉ ይላሉ። ሚያዝያ 30 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. ጥቂት እናቶች ቦነስ አይረስ መሐል ባለው ማዮ አደባባይ፣ ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ተገናኙ። ፖሊስ ተሰብስቦ መቆም ክልክል ነው ሲላቸው ሁለት ሁለት እየሆኑ አደባባዩን መዞር ጀመሩ። ራሳቸው ላይ ነጭ ሻሽ አሰሩ። ደረታቸው ላይ የልጆቻቸውን ፎቶ አንጠለጠሉ፤ ብዙው የመታወቂያ ፎቶ ነበር። በኋላ ትንንሾቹን ፎቶዎች አሳድገው በእንጨት ላይ ለጥፈው ተሸከሟቸው። «እንዲህ የሚባል ሰው አናውቅም» ለሚል መንግሥት ከዚህ የሚበልጥ መልስ የለም፤ ፎቶው እንዲነሣ ያዘዘው፣ መታወቂያውን የሰጠው፣ ማኅተሙን የመታው ራሱ መንግሥት ነው።

ቪክቶር ባስቴራ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1979 ከሚስቱና ገና ሁለት ወር ከሆናት ሴት ልጁ ጋር ታፍኖ ኤስማ ወደሚባለው የባሕር ኃይል የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተወሰደ። እዚያ ግቢ ውስጥ በድብቅ ከታሰሩት 5,000 ገደማ ሰዎች የተረፉት ጥቂት ናቸው። ባስቴራን ካሠቃዩት በኋላ ሙያው ጠቀማቸው፤ አፋኞቹ መኮንኖች በሐሰት ስም የሚንቀሳቀሱበት መታወቂያ፣ ፓስፖርትና መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋቸው ስለነበር ሐሰተኛ ሰነድ እንዲሠራ አዘዙት። መኮንኑ መጥቶ ይቀመጣል፣ እስረኛው ያነሣዋል፣ ከዚያ ጨለማ ክፍል ገብቶ ያጥባል። ለሰነዱ አራት ፎቶ ያስፈልግ ነበር። ባስቴራ አምስት አጠበ።

አምስተኛዋን ፎቶ የሚደብቅበት ቦታ የመረጠው በሙያው እውቀት ነው። ሳጥን ውስጥ ያለ የፎቶ ወረቀት ብርሃን ካየ ይበላሻል፤ ስለዚህ ጠባቂ ግቢውን ሲፈትሽ ያንን ሳጥን አይከፍትም። ባስቴራ የአፋኞቹን ፊት እዚያ ውስጥ አጠራቀመ። ሌላ ቀን ደግሞ ሊቃጠሉ ከተከመሩ ነገሮች መካከል የእስረኞችን ፎቶ ነጋቲቭ አገኘ፤ ታፍነው በገቡ ሰሞን ግድግዳ ተደግፈው የተነሡ ሰዎች ነበሩ፣ አንዳንዱ ፊቱ ያበጠ ነው። ከእነርሱም የቻለውን ያህል ወሰደ። በኋለኞቹ ዓመታት በክትትል ሥር ቤተሰቡን ለአጭር ጊዜ እንዲያይ ሲፈቀድለት ፎቶዎቹን በልብሱ ውስጥ ደብቆ ጥቂት ጥቂቱን አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1985 ጄኔራሎቹ ለፍርድ ሲቀርቡ ምስክር ሆኖ ቀረበ፤ የአፋኞች ፊትና የእስረኞች ፊት በአንድ መዝገብ ውስጥ ተቀመጡ። ከእነዚያ ፎቶዎች ውስጥ አንዳንዶቹ የመጨረሻ ሆነው የቀሩ የሰዎች ፎቶዎች ናቸው። ባስቴራ በ2020 እ.ኤ.አ. አረፈ።

ከአርጀንቲና ወደ እኛ የሚመጣ ቀጥተኛ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 የአርጀንቲናን የጅምላ መቃብሮች ለመመርመር አንድ የአንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች ቡድን ተቋቋመ። በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ ይህ ቡድን በልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተጋብዞ ኢትዮጵያ መጥቷል፤ በቀይ ሽብር የተገደሉ ሰዎችን አፅም አስቆፍሮ መርምሯል። አፅምን ከስም ጋር የሚያገናኘው ሥራ የሚጀምረው ከቤተሰብ ነው። ቁመቱ ስንት ነበር፣ አጥንቱ ተሰብሮ ያውቃል ወይ፣ ምን ለብሶ ወጣ ተብሎ ይጠየቃል። በዚህ ሙያ ሲስቁ የተነሡት ፎቶ ዋጋው ትልቅ ነው፣ የጥርስን አሰላለፍ ያሳያልና። መሥሪያ ቤቶች «አይሳቁ» ማለታቸው እዚህ ላይ ያስቆጨኛል።

በእኛ ባህል የሟች ፎቶ ለቅሶ ላይ ይወጣል። እኅት ወይም እናት ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ለተሰበሰበው ሰው እያሳየች፣ በስሙ እየጠራችው ታለቅሳለች። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ ግን በመንገድ ዳር ወድቆ ያደረ ልጇን ያየች እናት እንድታለቅስ አልተፈቀደላትም። ድንኳን አልተተከለም፤ ፎቶም አልወጣም። ወረቀትና መጽሐፍ በሚያስጠይቅበት፣ ቤት ለቤት አሰሳ በሚደረግበት ዘመን ከጓደኛ ጋር የተነሡት ፎቶ እንኳ የሚያሰጋ ነበር። የተረፈው ሳጥን ሥር ገባ፣ ከፍራሽ በታች ተቀመጠ፣ ዳዊት ውስጥ ተደበቀ። ለምሳሌ ለትምህርት ቤት ተብሎ የተነሣው ጉርድ ፎቶ፣ ትምህርት ቤቱ ሁለቱን ወስዶ ለቤተሰቡ የቀረው፣ ለብዙ ቤት ብቸኛው ቅሪት ሆነ።

ዛሬ መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ፎቶዎቹ ተደርድረዋል። አፍሮ ጸጉር፣ ሰፊ የሸሚዝ ኮሌታ፣ ገና ጢም ያላበቀለ ፊት። ከግድግዳው ፊት ለረጅም ጊዜ የቆመ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ እነዚህ ልጆች ሲነሡ የሚያስቡት ስለ ሞት አልነበረም። ስለ ፈተና፣ ስለ ሥራ፣ ምናልባትም ፎቶው ሲታጠብ ለማን እንደሚሰጡት ነበር የሚያስቡት። ሰማዕት ተብለው ከመጠራታቸው በፊት የሰፈር ፎቶ ቤት ደንበኞች ነበሩ። ፎቶዎቹን በዚያ ቦታ ያሰባሰበው የቤተሰቦቻቸው እምቢታ ነው፤ ለ14 ዓመት ደብቀው ያቆዩትን አውጥተው ሰጡ። በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት ፊት ሲቀርቡ፣ በ1999 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌለበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ሲባል፣ ሟቾቹ በመዝገብ ውስጥ ስም ብቻ አልነበሩም፤ በሰው ልብ ውስጥ ፊት ነበራቸው።

ነገር ግን ያ ግድግዳ የሚያሳየን ፎቶ ቤት የደረሰውን ሰው ነው። ፎቶ ቤት በሌለበት ወረዳ የተገደለ ገበሬ፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ ያልተነሣ እረኛ፣ በግድግዳው ላይ ሊኖር አይችልም። ይህ ጉድለት የሙዚየሙ አይደለም፤ ዜግነት ራሱ ለማን ቶሎ፣ ለማን ዘግይቶ እንደደረሰ የሚያሳይ ካርታ ነው።

ገበሬው ሲነሣ ያነሣው ሌላ ሰው ነው። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ሲደበቅ፣ ቦታው ድረስ ሄደው ያዩ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ፎቶ ይዘው መጥተው በግቢው ውስጥ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 ጆናታን ዲምብልቢ ለብሪታንያ ቴሌቪዥን የሠራው ፊልም ዓለምን አስደነገጠ። ደርግ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ቀላቅሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱን ከሥልጣን አወረደ። በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ደግሞ ካሜራማኑ መሐመድ አሚን ኮረም ላይ ያነሣው የረሃብ ምስል የዓለምን እርዳታ አንቀሳቀሰ። እነዚህ ምስሎች መንግሥት ጥለዋል፣ ነፍስም አድነዋል። ነገር ግን በእነርሱ ውስጥ ያለው ሰው ስም የለውም፤ ቅጂም አልደረሰውም። ጉርድ ፎቶ ስምና ፊትን ይዞ አካባቢውን ይቆርጣል፤ የረሃብ ፎቶ አካባቢውን ይዞ ስሙን ይተዋል። የመጀመሪያውን የያዘች እናት «ልጄ የት አለ?» ብላ መጠየቅ ትችላለች። በሁለተኛው ውስጥ ያለችው እናት ግን ፎቶዋ የት እንደሄደ እንኳ አታውቅም።

አሁን የጉርድ ፎቶ ዘመን እያበቃ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገውን የዲጂታል መታወቂያ ለማውጣት የሚሄድ ሰው ከሰፈር ፎቶ ቤት የሚያመጣው ነገር የለም። የመዝጋቢው ካሜራ ፊቱን ያነሣል፣ የአሥር ጣቱ አሻራና የዓይኑ ብሌን ይወሰዳል፣ ከዚያ መለያ ቁጥሩ በስልኩ ይላክለታል። አሠራሩ ብዙ እንግልት አስቀርቷል፤ መታወቂያ ለማግኘት የቀበሌ አማላጅ ለሚያስፈልጋቸው ድሆች የሚሰጠው ጥቅም ቀላል አይደለም። ሆኖም በዚህ ሥርዓት ፎቶው የሚነሣው በመሥሪያ ቤቱ ነው፣ የሚቀመጠውም እዚያው ነው። በፖስታ ተጠቅልሎ ወደ ቤት የሚሄድ ትርፍ የለም። በእርግጥ ሁላችንም ስልካችን ውስጥ ሺህ ፎቶ አለን፤ ግን ስልኩ ሲሰረቅ ወይም የይለፍ ቃሉ ሲረሳ ያ ሁሉ አብሮ ይሄዳል፣ ሳጥን ሥር ደግሞ አይገባም።

በዚህ መካከል የድሮዎቹ ፎቶ ቤቶች እየተዘጉ ነው፤ ሰፈራቸው ሲፈርስ አብረው ይፈርሳሉ። ባለቤቶቹ ሲያርፉ ልጆቻቸው በካርቶን የታጨቀ ነጋቲቭ ይወርሳሉ፤ የድሮ ፊልም ሲበላሽ የሆምጣጤ ሽታ ስለሚያመጣ ብዙው ይጣላል። በእነዚያ ካርቶኖች ውስጥ ያለው የአንድ ከተማ ሕዝብ ነው፣ ከነተራ ቁጥሩና ከነቀኑ። በብሔራዊው ቤተ መዛግብት፣ በወመዘክር፣ ውስጥ ለአዋጅና ለደብዳቤ የተሰጠው ክብር ለእነርሱም ሊሰጥ ይገባል። ሽታው የጀመረው ካርቶን ደረቅና ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ የጥቂት ዓመታት ዕድሜ ያገኛል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ፊልሙን አንድ በአንድ ስካን ማድረግ ይቻላል።